የአባቴ ሰዓት ጀርባ

ሴት አያቴ ያንን ሰዓት እስክትሞት ድረስ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ብረት» ነበር የምትለው። አባቴ ከሰቆጣ ገበያ ሲመለስ ክንዱ ላይ ብልጭ ሲል ካየችው ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። እሱም ያውቃል፤ እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ይቀመጣል።

እኛ ልጆች ምክንያቱን የሰማነው በቁርጥራጭ ነው። በሰባ ሰባት፣ ቤተሰቡ ከዋግ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ኮረም ሲሄድ፣ እኔ ሳልወለድ የሞተች አንዲት እህት ነበረችኝ። ሁለት ዓመቷ ነበር። አያቴ (የእናቴ እናት ናት) ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች፦ «ልጅ በረሃብ ስታልቅ ብረቱን አልሸጠም።» አባቴ ይህን ሲሰማ መልስ አይሰጥም። እናቴም ስለ ሌላው ሁሉ ብትጠይቋት ታወራችኋለች፤ ስለዚያ ዓመት ግን አንዲት ቃል አይወጣትም።

አሁን ሦስቱም የሉም። ሰዓቱ ግን አዲስ አበባ፣ እኔ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

*

ሰዓቱ ሴኮ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላው ሴኮ ፋይቭ አይደለም፤ በባትሪ የሚሠራው ኳርትዝ ነው። ወርቃማ ቅቡ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ከሥር ነጩ ብረት ይታያል። ፊቱ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ዕለቱንና ቀኑን የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለችው።

አባቴ የማር ነጋዴ ነበር። ፊደል የቆጠረው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ የጊዜን ነገር በሌላ መንገድም ያውቀዋል። ጥላን በእግር እየሰፈሩ ሰዓት ማወቅን፣ አንዱ ቀን በስልሳ ኬክሮስ እንደሚከፈልና አንዷ ኬክሮስ በዛሬው ቋንቋ ሃያ አራት ደቂቃ እንደሆነች፣ ይህን ሁሉ ለእኛ ያስተማረን እሱ ነው። ጃፓን የሠራውን ሰዓትም የራሱ አድርጎት ነበር። ስድስት መደመርና መቀነስ አይወድም፤ እጆቹን አዙሮ በእኛው አቆጣጠር ነበር የሚያስተካክላቸው። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ እኩለ ቀን ላይ ስድስት። በዚህ ምክንያት የመስኮቷ ቀን የሚቀየረው እንደ ፈረንጁ በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ነበር።

ያም ሆኖ መስኮቷ ታስቸግረዋለች። እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ወር ሁሉ ሠላሳ አንድ ቀን ነው ብሎ ነው የሚያምነው። የእኛ ወር ሠላሳ ነው። ስለዚህ በየወሩ ልደታ ጠዋት «31» ብቅ ስትል የጎኑን ማዞሪያ ሳብ አድርጎ ወደ «1» ያሳልፋታል። ጳጉሜን ስታልቅ ደግሞ ከ«6» ተነሥቶ «31»ን እስኪያልፍ አንድ በአንድ ያዞራታል። «ዓመቱን አሻገርኩት» ይላል ሲጨርስ።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማየቴን አስታውሳለሁ። ሰዓቱ ያልነበረበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

*

ጀርባውን ስትገለብጡት ብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። የፋብሪካው ስም፣ ውኃ እንደሚችል የሚናገሩ ሁለት ቃላት፣ ክዳኑ የማይዝግ ብረት ስለመሆኑ፣ ጃፓን የሚል ቃል። ቀጥሎ «7ኤን43» ብሎ የሚጀምርና ከሰረዝ በኋላ ሌላ አራት ምልክት ያለው መስመር። በመጨረሻ ለብቻዋ «3ዲ0462»። (የላቲኑን ፊደል በእኛው መጻፌ ነው።) ፋብሪካ ያልሠራው ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ በመርፌ ጫፍ የተጫረች ትንሽ መስቀል።

ልጆች ሳለን ወንድሜ ለዚህ ሁሉ ፍቺ ነበረው። «ዲ ማለት ዱባይ ነው፤ በዱባይ በኩል ነው የመጣው።» መስቀሏን እኔ ነበርኩ የምፈታት። ለእህቴ ናት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የቁጥሩን እውነተኛ ፍቺ የሰማሁት አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሴኮ ለእያንዳንዱ ሰዓት በሚሰጠው ባለ ስድስት ምልክት ቁጥር ውስጥ የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ከጥር እስከ መስከረም ያሉት የፈረንጅ ወሮች ከ1 እስከ 9 ይጻፋሉ። ለወር የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ ግን 10፣ 11 እና 12 አይገቡም። ስለዚህ ለኦክቶበር ኦ ወይም ዜሮ፣ ለኖቬምበር ኤን፣ ለዲሴምበር ዲ። የቀሩት አራቱ የተራ ቁጥር ናቸው። ሲቲዝንም ተመሳሳይ አሠራር አለው፤ እሱ ግን ለወሩ ሁለት አኃዝ ስለሚሰጥ ፊደል አያስፈልገውም።

ዲ እንግዲህ ዱባይ አይደለችም። ዲሴምበር ናት። ሦስት ደግሞ ሰማንያ ሦስት፣ ዲሴምበር 1983 እ.ኤ.አ.። ወደ እኛው ስመልሰው ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. ሆነ።

ከሰባ ሰባት አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። ሰዓቱ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከነጋዴ ነጋዴ ተላልፎ፣ ወደ ኮረም በሚጓዝ ሰው ክንድ ላይ ለመታሰር በቂ ጊዜ። አያቴ ልክ ነበረች ማለት ነው።

ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁትና ለብዙ ወራት አላወጣሁትም።

*

ሰባ ሰባትን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልናገር። የዋግ ሰው ዓመተ ምሕረቱን ሙሉ አይጠራም፤ «ሰባ ሰባት» ካለ አልቋል። ዝናቡ ቀደም ብሎ ጠፍቶ ነበር። አዲስ አበባ መስከረም 2 ቀን 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ ከዋግና ከላስታ፣ ከራያና ከትግራይ የሚመጣው ሰው ዋናው መንገድ ዳር ወዳሉት ከተሞች እየፈሰሰ ነበር። ዋግ የጦርነት ቀጠና ስለነበረ እህሉ ወደ ሰው መምጣት አልቻለም፤ ሰው ወደ እህሉ ሄደ። ከሰቆጣ ገጠሮች ኮረም መድረስ፣ ያውም ሕፃን አዝሎ፣ የቀናት የተራራ መንገድ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ የማይክል ቡርክንና የካሜራ ባለሙያውን የመሐመድ አሚንን ዘገባ ሲያሰራጭ ዓለም ያየው ያንን የኮረም ጎህ ነው። ከዚያ በኋላ እርዳታው ጎረፈ። ለብዙዎቹ ግን ዘግይቶ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዓት መሸጥ ምን ማለት ነው? የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናት ውስጥ ስለ 1965–66ቱ የወሎ ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው። ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን በእጁ ያለው ነገር እህል መግዛት ሲያቅተው ነው ይላል። ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ሻጭ ይሆናል፣ ገዥ ይጠፋል፤ ትናንት በሬ የነበረው ዛሬ የጥቂት ቁና ዋጋ ነው። ሰዓትማ ምኑ ይበላል?

ይህን አንብቤ ለአባቴ ልከራከርለት ሞከርኩ። «ቢሸጠውስ ማን ይገዛው ነበር?» እያልኩ። ግን ሰው ገበያ ሞቷል ብሎ ሳይሞክር ይቀራል? አያቴ ስለ ዋጋ አልነበረም የምታወራው። ክንዱ ላይ ስለቀረው ነገር ነበር።

*

ባለፈው ዓመት ሰዓቱን ይዤ ፒያሳ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። ባትሪ ላስቀይር ነበር፤ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን አዩት።

«የማን ነው?»

«የአባቴ ነው ጋሼ። የሰማንያ ሦስት ሥሪት ነው፤ በፈረንጁ።»

«ማን አለሽ?»

ቁጥሩን አሳየኋቸው። ሦስት፣ ዲ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ሦስት የሚለው እኮ የሰባ ሦስትም፣ የሰማንያ ሦስትም፣ የዘጠና ሦስትም ነው። አሥርቱን አይጽፍልሽም። ይቺ ብቻዋን ምስክር አትሆንም፤ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል።» ጣታቸውን ከላይ ያለው መስመር ላይ አደረጉ። «ምስክሯ ይቺውልሽ።»

7ኤን43። ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት ምልክቶች የሞተሩ ዓይነት መለያ ናቸው፤ ከሰረዙ በኋላ ያሉት ደግሞ የቤቱ፣ የብረቱ አካል። ሞተሩ ልደት አለው፤ አንድ ዓመት ሥራ ላይ ይውላል፣ ከዚያ በፊት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሴኮ ሌሎች የኳርትዝ ሞተሮች ነበሩት። 7ኤን የሚባለው ቤተሰብ ገና አልተወለደም ነበር። ሰዓት ሠሪው ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጃቸው ነው፦ «በደርግ ጊዜ አንድም እንዲህ ያለ ከፍቼ አላውቅም።»

ስለዚህ ዘጠና ሦስት። ዲሴምበር 1993 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ታኅሣሥ 1986 ዓ.ም.። አባቴ ይህን ሰዓት ይዞ ኮረም ሊሄድ አይችልም። ኮረም ሲደርስ ሰዓቱ ጃፓን ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረው ነበር።

በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በቢላ ጫፍ ክዳኑን ፈነቀሉት። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ነበር፣ በቀጭን ሹል ነገር የተጫረ፦ «ተ 9/3/91»። አሳዩኝ። ሰዓት ሠሪዎች በዓለም ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ክዳን ከፍተው ሲሠሩ የራሳቸውን ምልክትና ቀኑን ይጭራሉ። ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ባትሪው ይህን ያህል ቆይቷል» ለማለት። የሰዓቱ ባለቤት አያየውም። ከሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሠሪ የተላከ መልእክት ነው።

«ዘጠና አንድ የማን ነው?» አልኩ። «የእኛ ወይስ የእነሱ?»

ሳቁ። «አሁን ገባሽ። የእነሱ እንዳይሆን፣ ዘጠና አንድ ላይ ሰዓቱ የለም። የእኛ ነው፤ ኅዳር 9 ቀን 1991።»

*

ኳርትዝ የሚባለው ነገር ለምን ዓለምን እንደገለበጠ መናገር እዚህ ላይ ይገባል፤ አባቴ ይህን ሰዓት ሊገዛ የቻለው በዚያ ምክንያት ነውና። የኳርትዝ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እያሉ አሥራ አምስት ጊዜ ሲያካፍሉት በትክክል አንድ ይሆናል። ያቺ አንዷ ናት ሴኮንድ ቆጣሪውን የምትገፋው።

የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው ሴኮ ነው፤ ዲሴምበር 25 ቀን 1969 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 1962። ስሙ አስትሮን ይባላል፣ ዋጋው 450,000 የን ነበር፣ ከመኪና ዋጋ ጋር የሚወዳደር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ሁሉ ረከሰ። በስዊዘርላንድ በሰዓት ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከ90,000 ገደማ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። የባለጸጋ ዕቃ የነበረው ዛሬ የተማሪ፣ የወታደር፣ የማር ነጋዴ ሆነ።

ሰዓት ሲረክስ ደግሞ ምልክትነቱ ይበዛል። በኛ አገርም ያልተነካ ክንድ የሌለው ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ነው፤ ጀርባው ላይ የሞተሩ ቁጥር 593 ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በወጡት የጓንታናሞ ሰነዶች ውስጥ ይህንን ሰዓት ማሰር የጥርጣሬ ምልክት ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚያስረውን ርካሽ ዕቃ! ያንን ዜና ሳነብ አያቴ ናት ትዝ ያለችኝ። ክንድ አይታ ፈረደች።

*

ሰዓት ሠሪው ባትሪው በእጃቸው ስላልነበረ ለነገ ቀጠሩኝ። ማታ ሰቆጣ ለአክስቴ ደወልኩላት። የአባቴ ታናሽ ናት፤ ወደ ኮረም አብራ የሄደች እሷ ብቻ ቀርታለች። አማርኛዋ መሀል ኽምጣንጋ ጣል ታደርጋለች፤ ስትደነግጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ትሻገራለች።

«አክስቴ፣ አባቴ ኮረም ስትሄዱ ሰዓት ነበረው?»

ዝም አለች። ከዚያ፦ «ያኛውማ የሚጠመዘዝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ክር ክር እያደረገ የሚሞላው።»

«ምን ሆነ?»

«መንገድ ላይ ሸጠው እንጂ። ገና ኮረም ሳንደርስ። ለአንድ ነጋዴ። ገብስ አመጣ፣ ቁና የማይሞላ። ቆልተን በላን። እሷም ትንሽ ቀምሳ ነበር።»

«ታዲያ ለአያቴ ለምን አልነገራችኋትም? ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰድበው!»

«አያትሽ ከእኛ ጋር አልነበረችም። በኋላ ነው የተገናኘነው። ዓመታት አልፈው፣ አገር ሲረጋ፣ ይሄኛውን ገዝቶ መጣ። ስታየው ያው ያ መሰላት። ልነግራት ስል ተዪ አለኝ። ሸጦትም ልጅቷ አልዳነች፤ ምን ብሎ ይናገር?»

ስለ መስቀሏም ጠየቅኳት። ሳቀች። «ኧረ እሱ የማይጭርበት ነገር አለ? የማር ጀሪካኑም ላይ፣ ቅሉም ላይ፣ ሚዛኑም ላይ መስቀል ነበረ። ገበያ ላይ እንዳይለወጥበት።»

ለእህቴ ናት ያልኳት መስቀል የጀሪካን ምልክት ሆነች። መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ግን ደስ አለኝ፤ የእሱን እጅ በትክክል አየሁት።

*

አያቴን ውሸታም ነች ልል አልችልም። ሁለት ነገር በትክክል ታውቅ ነበር፦ ልጅቷ መሞቷንና ክንዱ ላይ ሰዓት መኖሩን። የሳተችው አሥር ዓመት ነው። እኔም የሳትኩት ያንኑ ነው። ሰዓቱ የመጣ ዕለት የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሊገባኝ በሚችልበት ዕድሜ መጣ፣ ግን ከእኔ በፊት እንደነበረ አድርጌ ነው ያስታወስኩት። እናንተም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይህንን ነበር።

የፋብሪካው ሰው አሥርቱን ያልጻፈው ደብቆ አይደለም። ቁጥሩን የጻፈው ለጥገናና ለመለዋወጫ፣ ለጥቂት ዓመታት ጉዳይ ነው። በእሱ ጊዜ ሦስት ማለት የትኛው ሦስት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ክዳኑ ውስጥ «91» ብሎ የጫረውም የማን ዘጠና አንድ እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም። «ሰባ ሰባት» የሚለው የዋግ ሰውም እንደዚያው። ምልክት የሚጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ የሚመጣው የሚያውቁት ሲያልቁና ምልክቱ ብቻ ሲቀር ነው።

ዋግ በእርግጥ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶታል። ከሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት በተፈለፈለው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግ ሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ ይታያል፤ የገዥዎቹ ታሪክ አካል አለው፣ ጠባቂ አለው። በሰባ ሰባት መንገድ ላይ የቀሩት ልጆች ግን ምልክት የላቸውም። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎታል። ከሁለት ዓመት በታች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺን እህቴን አስባለሁ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ የተቀበረችበትን ግን ከአክስቴ በቀር የሚያሳየኝ የለም፣ አክስቴም «ኮረም ስትገቢ በስተግራ» ከማለት ሌላ አትችልም።

በማግስቱ ሰዓቱን ልወስድ ተመለስኩ። ሴኮንድ ቆጣሪው ይሄዳል። ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ከመግጠማቸው በፊት መጫሪያቸውን አንሥተው የዕለቱን ቀን ሊጽፉ ሲሉ አስቆምኳቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዓመቱን ሙሉውን ይጻፉልኝ። ዓመተ ምሕረት ብለውም ይጨምሩበት።»

«ቦታው ጠባብ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። ግን ጻፉልኝ።